«ነጻ ነው» የተባለው ሥልጠና፦ አንድ አባወራ በትራክ ኩባንያ በኩል ሲዲኤል ለማውጣት እንዴት ወሰነ?

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ አባወራ በትራክ ኩባንያ በኩል ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ለማውጣት ሲል ከ2022 መጨረሻ እስከ 2024 ያለፈበትን ጉዳይ ይመዘግባል። እንዲህ ባለው መንገድ ኩባንያው ያሠለጥናል፤ ሠልጣኙ በምላሹ በውል ለተወሰነ ጊዜ ያገለግለዋል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ባለጉዳዩና ባለቤቱ እንድጽፈው ፈቅደዋል። የእነሱንም ሆነ የኩባንያዎቹን ስም አልጠቅስም።

እኔ አሜሪካ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ወደ ጉዳዩ የገባሁት ቤተሰቡ አንድ ውል እንዳነብላቸው ስለጠየቁኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዘው የሚመጡ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁሉም ማለት ይቻላል «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ብለው ይጀምራሉ። በዚህ ቤት ግን መጀመሪያ የተጠየቀው «ሳይጨርስ ቢወጣ ምን ይደርስበታል?» የሚለው ነበር። የጠየቀችውም ባለቤቱ ናት።

ቤተሰቡ የነበረበት ሁኔታ

ባለጉዳዩ ያኔ 36 ዓመቱ ነበር። በዲቪ መጥቶ ግሪን ካርድ ከያዘ አምስተኛ ዓመቱ ነው። አገር ቤት በጅቡቲ መስመር መጀመሪያ የተሳቢ ረዳት፣ በኋላ የኤፍ ኤስ አር ሹፌር ሆኖ ሠርቷል። ከአዋሽ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ ጋላፊ ያለውን መንገድ በሌሊትም በሐሩርም ያውቀዋል። አሜሪካ ከገባ በኋላ በኡበር ይተዳደር ነበር፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት። ባለቤቱ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ያኔ ትልቁ 4 ዓመቱ፣ ትንሿ 9 ወሯ ነበር።

የቤቱ ወርሃዊ ወጪ እንዲህ ነው፦ ኪራይ 1,900 ዶላር፣ የኡበሩ መኪና ዕዳ 430፣ ኢንሹራንስ 260፣ እቁብ 500፣ ምግብና ሌላው ተደምሮ ወደ 900። የባለቤቱ ደመወዝ ተቆራርጦ 2,600 ገደማ ይገባል። ባንክ ያለው ቁጠባ 2,400 ዶላር ነበር።

በኅዳር ወር ዳላስ የሚኖር የልጅነት ጓደኛው ደወለለት። «ና፣ ነጻ ነው፤ በአራት ሳምንት ሲዲኤልህን ይዘህ ትወጣለህ» አለው። በማግስቱ ጓደኛው የገባበት የትራክ ኩባንያ ሪክሩተር (ሠራተኛ መልማይ) ደወለ። ከዚያም የአውቶቡስ ቲኬት በስልኩ ላከለት፤ ጉዞው በስድስት ቀን ውስጥ ነበር። ወደ እኔ የመጡት በአራተኛው ቀን ማታ ነው። እሱ ልብሱን መያዝ ጀምሮ ነበር። ባለቤቱ ልጇን እንዳቀፈች ቁጭ አለችና «ጋሼ፣ እዚያ ደርሶ ቢመልሱትስ? መመለሻውን ማን ይከፍላል?» አለችኝ። ባለጉዳዩ መልስ አልነበረውም። ሪክሩተሩን አልጠየቀውም ነበርና።

የነበሩት አማራጮች

አራት መንገዶች ነበሩ። አንዱ የዳላሱ ጓደኛ የገባበት ኩባንያ ነው። ሁለተኛው በአካባቢው ያለ የግል የመንጃ ትምህርት ቤት፤ ዋጋው 5,500 ዶላር። ይህን ለመክፈል የታሰበው በእቁብ ነበር። ሃያ ሰው የሚጥለው የሾፌሮች እቁብ ዕጣው 10,000 ዶላር ነው፤ የእሱ ተራ ግን ገና ሩቅ ነበር። አንድ የእቁቡ አባል ተራውን ሊለውጠው ተስማማ። ሂሳቡን ስንሠራ ግን ዕጣውን ቢወስድም ወር በወር 500 መጣሉ ይቀጥላል፤ ተማሪ ሆኖ ገቢ በሌለው ሰዓት ይህ አይቻልም። ዋስ የሆነለትን ሰው እንዳያዋርድ ፈራ፤ ፍርሃቱም ልክ ነበር።

ሦስተኛው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ቨርጂኒያ ፋስት ፎርዋርድ በሚባለው ፕሮግራም የሙያ ሥልጠናዎችን ለነዋሪዎቿ በዋጋቸው ሲሶ ታቀርባለች፤ ሲዲኤል ከእነዚህ አንዱ ነው። ጀምሮ ያልጨረሰ ሰው ሌላ ሲሶ ይጨምራል። በሥራ ማዕከላት በኩል የሚሰጠው የፌዴራል የሥልጠና ድጋፍም አለ። የሚቀጥለው ዙር የሚጀምረው ግን በመጋቢት ነበር። ባለጉዳዩ እስከዚያ አልጠብቅም አለ። እኔ ዛሬም መጠበቁ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እሱ ደግሞ «ብጠብቅ ኖሮ ያቺ ቁጠባ ታልቅ ነበር» ይላል። አልተስማማንም።

አራተኛው ሌላ ኩባንያ መፈለግ ነው። በመጨረሻ የሄዱትም በዚህ ነው።

ሁለቱ ውሎች

ለመጀመሪያው ኩባንያ ሪክሩተር ደውለን ውሉን አስቀድሞ እንዲልክልን ጠየቅነው። «እዚህ ስትደርስ በመጀመሪያው ቀን ትፈርማለህ» አለ። በማግስቱ ደግመን ጠየቅነው፤ መልሱ ያው ነበር። የዳላሱ ጓደኛ ግን ራሱ የፈረመበትን ውል በስልክ ፎቶ አንስቶ ላከልን። ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለን ገጽ በገጽ አነበብነው።

የሥልጠናው ዋጋ 7,200 ዶላር ተብሎ ተጽፏል። ሾፌሩ 12 ወር ካገለገለ ምንም አይከፍልም። ችግሩ ያለው 12 ወሩ ከየት እንደሚቆጠር በተጻፈበት አንቀጽ ውስጥ ነው፤ ቆጠራው የሚጀምረው ሾፌሩ ከአሠልጣኝ ተለይቶ ብቻውን መንዳት ከጀመረበት ቀን ነው። ትምህርት ቤት ያለፈው ወር፣ ከአሠልጣኝ ጋር ያለፉት ሁለት ወራት አይቆጠሩም። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ ዕዳው አይቀንስም ይላል፤ በሁለተኛው ወር የወጣም በአሥራ አንደኛው ወር የወጣም ያው 7,200 ይጠየቃል። ኩባንያው ራሱ ካሰናበተውም እንደዚያው። ቀሪው ከመጨረሻው ደመወዝ ተቆርጦ፣ ያልተከፈለው ለዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል፤ ወለድም አለው።

ማንኛውም ክርክር በግልግል ዳኛ እንጂ በፍርድ ቤት እንደማይታይ የሚገልጽ አንቀጽም ነበረው። በዚህ ላይ አንድ የሚታወቅ ውሳኔ አለ። በጃንዋሪ 2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከስቴት ስቴት ዕቃ የሚያጓጉዙ ሾፌሮችን፣ በኮንትራክተርነት የሚሠሩትንም ጭምር፣ በፌዴራሉ የግልግል ሕግ አስገድዶ ወደ ግልግል መውሰድ እንደማይቻል ወስኗል። ከሳሹ ሥራውን በአንድ ኩባንያ በሠልጣኝነት የጀመረ ሾፌር ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ አንቀጽ ያየ ሰው «መብቴ አለቀ» ብሎ ከመተው በፊት ጠበቃ ቢያማክር መልካም ነው።

ሁለተኛውን ኩባንያ ያገኘነው እኔ ከማውቃቸው ሾፌሮች በአንዱ ጥቆማ ነው። ውሉን በጠየቅን ዕለት በኢሜይል ላኩት። ዋጋው 6,000 ዶላር፤ 12 ወሩ የሚቆጠረው በአሠልጣኝ ትራክ ላይ ደመወዝ መከፈል ከተጀመረበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ በየወሩ 500 ዶላር ይቀንሳል። የባለቤቱን ጥያቄም በጽሑፍ ጠየቅናቸው። የሕክምና ምርመራውን ካላለፈ መመለሻውን ራሱ እንደሚችል በጽሑፍ መለሱ። መልሱ ደስ አያሰኝም፤ ግን ያወቅነው ከመሄዱ በፊት ነው።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ያለ እሱ ሄደ። ጓደኛው ተቀየመው፤ ለተወሰነ ጊዜም አልተደዋወሉም።

ከመሄዱ በፊት የተሠራው ሥራ

መመለሻውን ራሱ የሚከፍል ከሆነ፣ ሊያስመልሰው የሚችለውን ነገር ሁሉ እዚሁ መፈተን ነበረበት። ስለዚህ ለሾፌሮች የሚደረገውን የዶት (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) የሕክምና ምርመራ በ95 ዶላር አሌክሳንድሪያ አደረገ። የደም ግፊቱ 156 በ94 ሆኖ ተገኘ። ደም ግፊት እንዳለበት እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር። ያኔ ከ140 በ90 በታች የሆነ ሰው እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል ካርድ ይሰጠው ነበር፤ እሱ የአንድ ዓመት ተሰጠው፤ መድኃኒትም ጀመረ። ከቤቱ ሁለት ቀን ርቆ፣ አውቶቡስ ውስጥ አድሮ፣ ሳይተኛ በማግስቱ ቢለካ ኖሮ ቁጥሩ ከዚህም ሊብስ እንደሚችል ሐኪሙ ነገረው። በዚህ ምክንያት ከሥልጠና የተመለሱ ሁለት ሰዎች አውቃለሁ።

ከዚያ የልምምድ ፈቃዱን ከቨርጂኒያ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) አወጣ። ጠቅላላ ዕውቀት፣ የአየር ፍሬንና የተሳቢ ፈተናዎችን አልፎ ነው። ሕጉ የልምምድ ፈቃድ ከያዙ በኋላ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላ የመንዳት ፈተና መፈተን አይፈቅድም። ይህን ቤቱ ሆኖ ማስቆጠሩ ሞቴል ውስጥ ከመቁጠር አድኖታል። ኩባንያው የሚያስተምርበት ትምህርት ቤትም በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ መኖሩን አየን። ከፌብሩዋሪ 7፣ 2022 ጀምሮ በመዝገቡ ላይ ከሌለ ቦታ የተማረ አዲስ ሾፌር ለፈተና አይቀርብም። ደንቡ ግን ተማሪው ቢያንስ ይህን ያህል ሰዓት መሪ ይያዝ አይልም። ይህን ያኔ ልብ አላልነውም፤ በኋላ ጎዳን።

ትልቁ ሥራ እንግሊዝኛው ነበር። የመንዳት ፈተናው የሚጀምረው መኪናውን ዞሮ በመፈተሽ ነው፤ ተፈታኙ እያንዳንዱን ዕቃ እየነካ በእንግሊዝኛ ስሙንና ጤናማነቱን ይናገራል። አስተርጓሚ አይፈቀድም። ባለጉዳዩ ዕቃዎቹን ከብዙ ሰው በላይ ያውቃቸዋል፤ የሚያውቃቸው ግን ጋራዥ ውስጥ በተማራቸው ስሞች ነው፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ። ፈታኙ የሚጠብቀው ስላክ አጀስተር፣ ብሬክ ቻምበር፣ ኪንግ ፒን፣ ግላድ ሃንድ የሚሉትን ነው። እኔ አንድ በአንድ አነበብኩለት፤ በስልኩ ቀዳው፤ ኡበር ሲነዳ ተሳፋሪ በሌለበት ሰዓት ሁሉ ያዳምጠው ነበር። ማታ ማታ ባለቤቱ ወረቀቱን ይዛ ትጠይቀዋለች። ለፈተናው ሲደርስ እሷም በቃሏ ይዛው ነበር።

በመጨረሻ ሳምንቶቹን ቆጠርን። ሪክሩተሮች «አራት ሳምንት» ይላሉ፤ ያ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ኡበር ካቆመበት ቀን አንስቶ ብቻውን ነድቶ የመጀመሪያ ሙሉ ደመወዙን እስከሚያገኝበት ቀን ስንቆጥር 14 ሳምንት መጣ። ቁጠባው ለዚህ አይበቃም። የባለቤቱን አሮጌ መኪና በ2,800 ዶላር ሸጡ፤ እሷ የኡበሩን መኪና ለሥራዋ ያዘች። ልጆቹን ሌሊት የምትጠብቅ እህቷ ከሲልቨር ስፕሪንግ መጥታ አብራቸው መኖር ጀመረች።

ትምህርት ቤቱና ፈተናው

ጃንዋሪ 9፣ 2023 ትምህርት ጀመረ። ማደሪያውን ኩባንያው ይችላል፤ ክፍሉን ከሌላ ተማሪ ጋር ይጋራል። ደመወዝ የለም። በአንድ ትራክ አራት ተማሪ ይመደባል። ባለጉዳዩ መሪ የያዘበትን ሰዓት በደብተር ይመዘግብ ነበር፤ በአራት ሳምንት ውስጥ መሪ የያዘው 31 ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ሌላው ሲነዳ አይቷል።

የአገር ቤት ልምዱ መንገድ ላይ ረድቶታል፤ ወደ ኋላ ሲነዳ ግን አስቸግሮታል። ኤፍ ኤስ አር ተሳቢ የለውም። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ መሪው የሚዞረው ተሳቢው እንዲሄድ ከሚፈለግበት በተቃራኒ ነው፤ እጁ ደግሞ ለዓመታት የለመደውን ይሠራል። የመጀመሪያውን ፈተና እዚህ ላይ ወደቀ። የፍተሻውን ክፍል ግን ከክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ በተሻለ ነጥብ አለፈ፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑትም ጭምር ነበሩበት። ፌብሩዋሪ 3 ድጋሚ ተፈትኖ አለፈ።

ትራኮቹ ሁሉ አውቶማቲክ ስለነበሩ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ማርሽ ያለው መኪና እንዳይነዳ የሚከለክል «ኢ» የሚል ምልክት ተደረገበት። ዕድሜውን ሙሉ በማርሽ ለነዳ ሰው ያስቆጫል።

የተፈተነው በሌላ ስቴት ቢሆንም ፈቃዱን የሚሰጠው የሚኖርበት ቨርጂኒያ ነው። ስለዚህ ተመልሶ ከዲኤምቪ ወሰደና እስኪጠራ ጠበቀ። በዚህ አሥር ቀን አለፈ። በ14ቱ ሳምንት ውስጥ አስገብተነው ስለነበር አልደነገጡም።

ከአሠልጣኝ ጋር

ፌብሩዋሪ 13 የመጀመሪያው አሠልጣኝ ትራክ ላይ ወጣ። ደመወዙ በሳምንት 550 ዶላር ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አሠልጣኙ እሱ ሲነዳ ከኋላ ይተኛል፤ ተራው ሲደርስ ይነሳል። ባለጉዳዩ ሲዲኤል ስላለው ይህ ሕግ አይጥስም። ሥልጠና ግን አይባልም። ዋዮሚንግ ውስጥ በላራሚና በሮሊንስ ከተሞች መካከል አይ 80 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በረዶና ንፋስ አንድ ላይ መጡበት። ይህ መንገድ ክረምት ላይ በንፋስ የሚዘጋ፣ ትራክ የሚገለበጥበት መንገድ ነው። እሱ በረዶ ላይ ትራክ ሲነዳ የመጀመሪያው ነው። አሠልጣኙን ጠራው፤ «ቀስ ብለህ ሂድ» ብሎት ተመልሶ ተኛ።

ሮሊንስ ደርሶ ትራክ ስቶፕ ገብቶ ቆመ፤ መሪውን እንደያዘ ደወለልኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሥልጠና ክፍሉን ጠርቶ አሠልጣኝ እንዲቀየርለት እንዲጠይቅ ነገርኩት። ጠየቀ። ለመቀየር አምስት ቀን ሞቴል ውስጥ ያለ ደመወዝ ቆየ። ሁዳዴ ገብቶ ነበርና ከቤቱ ይዞት በሄደው በሶና ቆሎ ነው የሰነበተው። ብዙ ሰው ይህን አምስት ቀን ፈርቶ ከመጥፎ አሠልጣኝ ጋር ይቀጥላል። እኔ እንደማየው በዚያ ዓመት ካደረጋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ውሉን ከማንበቡም ይበልጣል።

ሁለተኛዋ አሠልጣኝ በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። ከሌላው ሁሉ በፊት ያስተማሩት ወደ ኋላ ከመንዳቱ በፊት ወርዶ ማየትን ነው፤ አሥሬም ቢሆን ወርደህ እይ፣ ከኋላህ የሚጠብቅ ካለ ይጠብቅ ይሉት ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ያደርጋል።

እዚህ ላይ አንድ ሂሳብ መሥራት ይገባል። በዚህ ወቅት እሱ በሳምንት በአማካይ 2,200 ማይል ይነዳ ነበር። 550 ዶላር ለ2,200 ማይል በማይል 25 ሳንቲም ነው። ብቻውን ሲወጣ የተከፈለው 46 ሳንቲም ነው። ልዩነቱ በሳምንት 462 ዶላር፣ ደመወዝ ባገኘባቸው ስድስት ሳምንታት 2,772 ዶላር ይሆናል። ሠልጣኝ እንደ ሙሉ ሾፌር ይከፈለው ማለቴ አይደለም። ግን «ነጻ» በተባለው ሥልጠና ውስጥ ተማሪው ከሚከፍለው አንዱ ይህ ነው፤ በውሉ ላይ በተጻፈው 6,000 ውስጥም አይቆጠርለትም።

ብቻውን

ኤፕሪል 3 የራሱን ትራክ ተረከበ። የፋሲካን በዓል ከቤተሰቡ ጋር እንዲያሳልፍ ከወር በፊት በጽሑፍ ጠይቆ ስለነበር ኤፕሪል 15 ቅዳሜ ማታ ቤቱ ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው እንደማንኛውም ጀማሪ የረጅም መንገድ ሾፌር ኑሮ ነው፤ በየአራት ሳምንቱ ጥቂት ቀን ቤት፣ የቀረው መንገድ ላይ። ክፍያው በማይል ስለሆነ መጋዘን በር ላይ ሲጠብቅ የሚውልበት ሰዓት ገቢ አልነበረውም።

በነሐሴ ኩባንያው ያለ ቅድመ ክፍያ «የራስህን ትራክ ውሰድ» የሚል የሊዝ ግዢ አቀረበለት። ልቡ በጣም ሄደ። በእኛ ሰው ዘንድ «የራሱ ትራክ አለው» መባል ቀላል ነገር አይደለም። ውሉን አነበብነው፦ ሥራ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ የሚቆረጥ ክፍያ አለ፣ ጥገናው የእሱ ነው፣ ከኩባንያው ሲለቅ ግን ትራኩ እዚያው ይቀራል። ተወው። በ2021 በወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ መሠረት የተቋቋመ የፌዴራል ግብረ ኃይል በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት እንዲህ ያለው የሊዝ ግዢ እንዲታገድ ሐሳብ አቅርቧል።

ስምንተኛው ወር

በመስከረም የባለቤቱ እህት አግብታ ወጣች። ልጆቹን ሌሊት የሚጠብቅ ጠፋ። ባለቤቱ ሥራ ታቁም ወይስ እሱ ይመለስ? ስድስት ወር ልምድ ያለውን የሚቀጥር፣ በሰዓት የሚከፍልና በየቀኑ ቤት የሚያሳድር የምግብ አከፋፋይ መጋዘን አገኘ። ከዚያ በፊት የአሸዋ ገልባጭ የሚነዳ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ መኪናው ማርሽ ስለነበረው «ኢ» የሚለው ምልክት ከለከለው።

የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ትራኩን ለኩባንያው ግቢ አጽድቶ አስረከበ፤ ፎቶ አነሳ፤ የተረከበበትን ወረቀት ተቀበለ። መንገድ ላይ ትራክ ጥሎ የሄደ ሾፌር ታሪኩ ቀጣሪዎች በሚያዩት መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ሌላ ሥራ ማግኘት ያከብድበታል። የለቀቀው ኦክቶበር 13፣ 2023 ነው። ከፌብሩዋሪ 13 ጀምሮ ስምንት ወር ሞልቷል፤ ቀሪው አራት ወር በ500 ተባዝቶ 2,000 ዶላር። ኩባንያው ሙሉውን ከመጨረሻው ደመወዝ ሊቆርጥ ፈልጎ ነበር። ደብዳቤ ጻፍን፤ በወር 200 እንዲከፍል ተስማሙ። በመጀመሪያው ኩባንያ ውል ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን 7,200 ይጠየቅ ነበር። የዳላሱ ጓደኛ አባቱ ታመውበት በአምስተኛው ወር ለቆ ሙሉው ተጠይቋል፤ ዕዳ ሰብሳቢዎችም ደውለውለታል። አሁን ታርቀዋል።

የጠቀመውና ያልጠቀመው

ውሉን ከመሄዱ በፊት ማየቱ፣ ምርመራውን ቤቱ ማድረጉና ሳምንቶቹን መቁጠሩ ጠቅመዋል። እቁቡን በተመለከተ ተሳስተናል። 14ቱን ሳምንት 500 እየጣሉ ማለፍ ቤተሰቡን አስጨንቋል፤ ከመጀመሪያው ለእቁቡ ዳኛ ተነግሮ በሌላ ሰው መተካት ነበረበት። ሁለተኛው ስሕተት የእህቷ ነገር ነው። መጥታ ስትረዳቸው እስከ መቼ እንደምትቆይ ማንም አልጠየቀም፤ ወጣት ናት፣ የራሷ ሕይወት አላት። የውሉን 12 ወር እየቆጠርን የእሷን ወራት አልቆጠርንም። እኔ ደግሞ በአንድ ትራክ ስንት ተማሪ እንደሚመደብ፣ የትራኩ ማርሽ ምን እንደሆነ እንዲጠይቅ ሳልነግረው ቀርቻለሁ። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

በኩባንያ በኩል መሠልጠን ለሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ገንዘብ የሌለው፣ ለአንድ ዓመት ከቤት መራቅ የሚችል፣ በተለይ ልጅ የሌለው ሰው በደህና ውል ከገባ ከዕዳ ነጻ ሆኖ ይወጣል። ልጆች ያሉት ሰው ግን ከሪክሩተሩ በፊት ሌሊት ልጆቹን የሚጠብቀውን ሰው ያነጋግር። ውሉ ውስጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት ወሩ ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ ዕዳው በየወሩ ይቀንስ እንደሆነ፣ ኩባንያው ቢያሰናብት ወይም ሰው ቢታመም ምን እንደሚሆን ነው። ውሉን አስቀድሞ አልልክም ያለ ኩባንያ ጋ መሄድ አያስፈልግም። በስልክ የተባለ ነገር ሁሉ በኢሜይል ይጠየቅ፤ እንግሊዝኛው ቢያስቸግር የሰው እገዛ ተጠይቆም ቢሆን ይጻፍ።

ከዚህ ጉዳይ በኋላ የተለወጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ከጁን 25፣ 2025 ጀምሮ መንገድ ላይ ሲፈተሽ እንግሊዝኛ በበቂ አይናገርም ወይም የመንገድ ምልክት አያነብም የተባለ ሾፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል። ስለዚህ ለፈተናው ብቻ በቃል የተያዘ እንግሊዝኛ አይበቃም። ሁለተኛው ከዚህም ይከብዳል። በሴፕቴምበር 2025 የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ግሪን ካርድም ዜግነትም ለሌላቸው፣ ጥገኝነት ጠይቀው በሥራ ፈቃድ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ጭምር፣ ሲዲኤል ማግኘትን በጣም የሚያጠብ ደንብ አውጥቷል፤ ደንቡ በፍርድ ቤትም ክርክር ተነሥቶበታል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው የሥልጠና ውል ከመፈረሙ በፊት የሚኖርበት ስቴት ፈቃድ ይሰጠው እንደሆነ ዲኤምቪ ሄዶ ያረጋግጥ፤ አለዚያ ፈቃዱን ሳያገኝ ዕዳው ብቻ ሊቀርበት ይችላል።

ባለጉዳዩ የመጨረሻውን 200 ዶላር የከፈለው በኦገስት 2024 ነው። ኩባንያው ቀሪ ዕዳ እንደሌለበት የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲልክለት ጠየቀ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰው። ባለቤቱ ከውሉ፣ ከሕክምና ካርዱ ቅጂና 31 ሰዓቱ ከተመዘገበበት ደብተር ጋር በአንድ ማኅደር አስቀምጣዋለች።